ካይቦካን ሺሙሹና እህቶቿ፦ ከኮንቮይ አጃቢነት እስከ ተመላሾች ማጓጓዝ

መልሕቅ_72

እዚህ መድረክ ላይ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግዙፍ የጃፓን የጦር መርከቦች፣ ስለ ያማቶና ሙሳሺ፣ ገጽ በገጽ ተከራክረናል። ነዳጅ፣ ሩዝና ወታደር የጫኑትን መርከቦች ሲጠብቁ የባዘኑት ትንንሽ አጃቢዎች ግን አንድ ክር እንኳ አልተከፈተላቸውም። በሺሙሹ ልጀምርና እናንተ ሙሉት። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺሙሹ ጃፓኖች ካይቦካን ከሚሏቸው አጃቢ መርከቦች የአዲሱ ትውልድ የመጀመሪያዋ ናት። ታማኖ ላይ በሚገኘው የሚትሱይ መርከብ ግንባታ ኖቬምበር 29 ቀን 1938 ሥራዋ ተጀመረ፤ ዲሴምበር 13 ቀን 1939 ውኃ ላይ ወረደች፤ ጁን 30 ቀን 1940 ተጠናቃ ባሕር ኃይሉ ተረከባት። 860 ቶን ናት፣ ርዝመቷ 78 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 9.1 ሜትር። 3 ነጠላ ባለ 12 ሴንቲሜትር መድፍና 4 ባለ 25 ሚሊሜትር ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ነበራት። ባሕርተኞቿ 150 ያህል ናቸው።

ልብ በሉ፣ ይቺ መርከብ የተሠራችው ሰርጓጅ ለማደን አይደለም። ካምቻትካ አካባቢ ሳልሞንና ሸርጣን የሚያጠምዱ ጃፓናውያን ከሶቪየት ጠባቂዎች ጋር ሲጋጩ አጠገባቸው እንድትቆም ነው። ስሟም ከኩሪል ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ ካለችው ደሴት የመጣ ነው። ፊተኛው ጫፏ በረዶ እንዲገፋ ተጠናክሯል። መድፎቿ አሮጌ፣ ወደ ሰማይ የማይቀኑ፣ ከሌላ መርከብ ጋር ለመተኳኮስ ብቻ የሚሆኑ ናቸው። የጥልቀት ቦምቧ (ውኃ ውስጥ ሰምጦ የሚፈነዳ ፀረ ሰርጓጅ ቦምብ) ደግሞ ሥራ ስትጀምር ሁለት ደርዘን አይሞላም ነበር። እንዲህ ሆና ነው ዲሴምበር 1941 ላይ ሙቀቱ ወደሚፈጀው የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ የተላከችው፦ ከሳይጎን የተነሱ ወታደር የጫኑ መርከቦችን ክሩዘር ከምትባለው ትልቅ የጦር መርከብ ከካሺ ጋር ሆና አጅባ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ለማይሆን ሥራ የተሠራች መርከብ አራት ዓመት እንዴት ተረፈች? ከዚያስ ከ1945 በኋላ ተመላሾችን፣ ማለትም ከውጭ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎችን፣ ማጓጓዣ ስትሆን ምኗ ተለወጠ?

የሞተር_ክፍል

የመጀመሪያው መልስ ሞተሯ ነው። ሺሙሹ ላይ ያለው ሁለት የናፍጣ ሞተር ነው፣ በድምሩ 4,200 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ፍጥነቷ 19.7 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ላይ ያቆማል፤ ይሄ ለጦር መርከብ ምንም አይደለም። በ16 ኖት ግን 8,000 የባሕር ማይል ትሄዳለች። ሒሳቡን አስሉት፦ በ16 ኖት በቀን 384 ማይል ነው፤ ስለዚህ ነዳጅ ሳትቀዳ 20 ቀን ከምናምን ባሕር ላይ መቆየት ትችላለች።

ያን ያህል ርቀት ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የዘይቱን መስመር ማየት ነው። ከሲንጋፖር እስከ ጃፓኑ ወደብ ሞጂ 2,600 ማይል አካባቢ ነው፣ ያውም በቀጥታ ከሄዱ። ኮንቮይ (በአጃቢ የሚጓዝ የመርከቦች ቡድን) ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ ዚግዛግ ይሠራል፣ የባሕር ዳርቻ ይዞ ይጠማዘዛል፣ ቀርፋፋ መርከብ ይጠብቃል። የእንፋሎት ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ማሞቂያዋን ሳታጠፋ ለብዙ ቀን ቀስ ብላ ስትንፏቀቅ ነዳጁን ትበላዋለች። የናፍጣ ሞተር ለዝግታ ጉዞ ነው የተፈጠረው።

ኋላ ላይ የመጡት ርካሾቹ ዓይነቶች ይሄንን በግልጽ ያሳያሉ። ዓይነት ሲ 745 ቶን፣ 1,900 የፈረስ ጉልበት ናፍጣ፣ 16.5 ኖት፣ በ14 ኖት 6,500 ማይል። ዓይነት ዲ 740 ቶን፣ 2,500 የፈረስ ጉልበት የእንፋሎት ተርባይን፣ 17.5 ኖት፣ በ14 ኖት 4,500 ማይል ብቻ። ሁለቱ በመልክ መንትያ ይመስላሉ፤ በርቀት ግን 2,000 ማይል ይለያያሉ። ዓይነት ዲ የመጣችው የናፍጣ ሞተር ፋብሪካዎቹ መድረስ ስላቃታቸው ነው፤ ለጭነት መርከብ የተዘጋጀውን ተርባይን አንስተው ከተቷት። ስም እንኳ አልነበራቸውም፣ ቁጥር ብቻ፦ ዓይነት ሲ ጎዶሎ፣ ዓይነት ዲ ሙሉ ቁጥር።

ሰናይት_ዘ

ዩኪካዜን ለምን አትጨምሯትም? እሷም ኮንቮይ አጅባለች፣ ከጦርነቱ በኋላም ተመላሾች አጓጉዛለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምትታወቀው እኮ እሷ ናት።

መልሕቅ_72

ሰናይት፣ ዩኪካዜ የካጌሮ ምድብ ዲስትሮየር ናት። 2,000 ቶን፣ 35 ኖት፣ 8 የቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) አፈሙዝ፤ ዋና ሥራዋ የጠላትን መርከብ በቶርፔዶ መምታት ነው። አጃቢነት የተጨመረባት ሸክም ነበር። ለጥያቄዬ ሁለተኛ ክፍል፣ ለተመላሾቹ፣ ግን ጥሩ መለኪያ ትሆነናለች፤ መዝገቧ በደንብ ተጠብቋል። 15 ዙር ተመላልሳ ከ13,000 በላይ ሰው አምጥታለች። ያ በአማካይ በአንድ ዙር 870 ሰው ገደማ ነው፣ 118 ሜትር በሆነች ጠባብ መርከብ ላይ። ከራባውል (ኒው ብሪተን ደሴት ላይ ያለ ወደብ) ካመጣቻቸው አንዱ በኋላ ሥመ ጥር ሠዓሊ የሆነው፣ ኒው ብሪተን ላይ ግራ እጁን ያጣው ሚዙኪ ሺጌሩ ነው።

ሶናር_ጆሮ

ወደ ጦርነቱ ልመልሳችሁ። የካይቦካን ድክመት ቦምቡ ማነሱ ብቻ አይደለም። ሰርጓጅን ከማግኘት እስከ ቦምቡ ፍንዳታ ያለው ሒደት በየደረጃው ቀዳዳ አለው።

አንደኛ፣ መስማት። ዓይነት 93 ሶናር (ሰርጓጅን በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ) መርከቧ ስትፈጥን የራሷ ጩኸት ይውጠዋል። ስለዚህ ለመስማት ቀስ ማለት አለባት፤ ቀስ ካለች ደግሞ ኮንቮዩ ጥሏት ይሄዳል። የተሻለው ዓይነት 3 ሶናር፣ በጀርመኖች ሥራ ላይ የተመሠረተው፣ የገባው ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻው መቅረብ። የሶናር ጨረር ወደ ፊት ነው የሚወጣው። ሰርጓጁ ጥልቅ ከሆነ መርከቧ ስትጠጋው ጨረሩ በላዩ ያልፍና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ግምት ነው።

ሦስተኛ፣ መስመጥ። ዓይነት 95 የጥልቀት ቦምብ በሰከንድ ሁለት ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። 60 ሜትር ለመድረስ 30 ሰከንድ፣ 100 ሜትር ለመድረስ 50 ሰከንድ። ውኃ ውስጥ በ3 ኖት የሚሄድ ሰርጓጅ በ50 ሰከንድ ውስጥ 75 ሜትር ይርቃል። 100 ኪሎ ገደማ ፈንጂ ግን የሰርጓጅን ቅርፊት ለመቅደድ በጣም ተጠግቶ መፈንዳት አለበት፤ ከዚያ ውጭ አምፖል ይሰብራል፣ ቫልቭ ያላላል፣ ሰው ያስደነግጣል። የመጀመሪያዎቹ ቦምቦች ጥልቀት መምረጫ ደግሞ 30 እና 60 ሜትር ብቻ ነበር። የአሜሪካ ሰርጓጆች ከዚያ በታች ወርደው መቀመጥ ይችሉ ነበር።

አራተኛ፣ የራሷ ደኅንነት። ቦምቡ 30 ሜትር ላይ እንዲፈነዳ ከተሞላ 15 ሰከንድ አላት። በ16 ኖት በዚያ ጊዜ 120 ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ10 ኖት ብትሆን 77 ሜትር ብቻ፤ ድንጋጤው የኋላ ጫፏን፣ የመሪ ማሽኑንና የፕሮፔለር ዘንጉን ይመታል። ስለዚህ ቀስ ብላ ሰምታ፣ ፈጥና ሮጣ፣ እንደገና ቀስ ብላ መስማት ነበረባት። በየዙሩ ሰርጓጁ ይሾልካል።

በኋላ የመጡት መርከቦች 120 ቦምብ ይዘው የኋላ ዴካቸውን (የላይኛውን ወለል) በመወርወሪያ የሞሉት ለዚህ ነው፤ ግምት በብዛት ይካሳል በሚል። ሺሙሹም በእድሳት ወደ 60 አድጓል ክምችቷ።

ወሰን_የለሽ

ቦምቦቻቸው ሰርጓጆቹ ካሉበት በላይ እንደሚፈነዱ አሜሪካዊው የምክር ቤት አባል አንድሪው ሜይ በ1943 ለጋዜጠኞች ባያወራ ኖሮ ጃፓኖች አያውቁትም ነበር ይባላል። በእሱ ወሬ 10 ሰርጓጅና 800 ሰው ጠፋ ያሉት እኮ የአሜሪካ ፓስፊክ ሰርጓጆች አዛዥ የነበሩት ራሳቸው አድሚራል ሎክውድ ናቸው።

ሶናር_ጆሮ

ወሰን፣ ሎክውድ ብለዋል፤ የተናደደ አዛዥ ግምት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ጃፓኖች የጦር መሣሪያን የሚሰይሙት በራሳቸው የዘመን አቆጣጠር መጨረሻ አኃዝ ነው፤ ዓይነት 2 ማለት የ2602፣ ማለትም የ1942 ንድፍ ነው። ፈጥኖ የሚሰምጠውና ጥልቀት ምርጫው የሰፋው ቦምብ ሜይ አፉን ከመክፈቱ በፊት በሥራ ላይ ነበር። የሜይ ንግግር ነውረኛ ነው፣ በዚህ እንስማማለን። ካይቦካኖቹን ያሻሻለው ግን እሱ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚሰምጠው የዘይት መርከብ ነው።

የታሪክ_መዝገብ

ያም ሆኖ ማሻሻያው የመጣው ዘግይቶ ነው። አጃቢዎቹን በአንድ ጥላ ሥር ያመጣው ጠቅላይ የአጃቢ ዕዝ የተቋቋመው ኖቬምበር 15 ቀን 1943 ነው፣ ጦርነቱ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል። አዛዡ አድሚራል ኦይካዋ ኮሺሮ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ኮንቮይ ማለት ብዙ ጊዜ ጥቂት ጭነት መርከብና አንድ አሮጌ አጃቢ ማለት ነበር።

የሺሙሹ ዕጣ ኖቬምበር 25 ቀን 1944 ማኒላ አቅራቢያ ሊያበቃ ነበር። የአሜሪካዋ ሰርጓጅ ሃዶ ቶርፔዶ አገኛት፤ አልሰመጠችም። አብራት የነበረችው ቁጥር 38 ካይቦካን በዚያው ዕለት በሌላዋ ሰርጓጅ በሃርድሄድ ሰጠመች። እህቷ ኢሺጋኪ ቀደም ብላ ሜይ 31 ቀን 1944 ማትሱዋ ደሴት አጠገብ በሄሪንግ ተመትታ ሄዳለች፤ ሄሪንግም በማግሥቱ ከዚያው ደሴት ምሽግ በተተኮሰ መድፍ አለቀላት።

የብዛት ነገር ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት ግን ኮንቮይ ሂ-81ን ተመልከቱ። ኖቬምበር 1944፣ በርካታ ካይቦካኖች፣ ዲስትሮየር፣ በዚያ ላይ ሺንዮ የተባለች አውሮፕላን ተሸካሚ። 15ኛው ቀን ላይ ወታደር የጫነችው አኪትሱ ማሩ ሰጠመች፣ 17ኛው ቀን ላይ ማያሳን ማሩ፣ በዚያው ሌሊት ሺንዮ ራሷ። ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ6,000 በላይ ሰው አለቀ። አጃቢዎቹ የጥልቀት ቦምብ እየጣሉ ነበር፤ ሰርጓጆቹ ግን በቡድን ነው የሚያድኑት፣ አንዷ ስትደበደብ ሌላዋ ትገባለች።

የሞተር_ክፍል

እዚህ ላይ ፍጥነቱን አትርሱ። የአሜሪካ ሰርጓጅ ሌሊት ውኃ ላይ ወጥታ 20 ኖት ትሮጣለች። ዓይነት ሲ 16.5 ነው ጣሪያዋ። አሳዳጁ ከሚሳደደው ቀርፋፋ ነው! ሰርጓጇ በጨለማ ኮንቮዩን ከሩቅ ዞራ ቀድማ ፊቱ ላይ ትጠብቀዋለች። ያንን ሊያስቆም የሚችለው ራዳር ነው፤ የጃፓኑ ዓይነት 22 ደግሞ ብዙዎቹ አጃቢዎች ላይ የደረሰው 1944 ላይ ነው።

ወደ 170 ካይቦካን ተሠርቷል፣ 70 ያህሉ ጠፍቷል። ጠፍጣፋ ብረት እየቆረጡ፣ ክፍል በክፍል በኤሌክትሪክ እየበየዱ መጨረሻ ላይ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ያወጧት ነበር። የሺሙሹን ጠመዝማዛ ቅርፊት ለመሥራት ከፈጀው አንድ ዓመት ተኩል ጋር አስተያዩት። እንደ እኔ አመለካከት ትልቁ ጥፋት እዚያ ነው፦ ቀላሉን ንድፍ በ1941 ቢጀምሩት ኖሮ።

ሰናይት_ዘ

እሺ፣ አሁን ወደ ተመላሾቹ። ስንት ሰው ነበር? መርከቦቹስ በማን ሥር ነበሩ? ባሕር ኃይሉ እኮ ፈርሷል።

የታሪክ_መዝገብ

ጃፓን እጅ ስትሰጥ ከአገር ውጭ የነበሩት ጃፓናውያን ከ6 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር፣ ግማሽ ያህሉ ወታደር፣ ግማሹ ሲቪል። በተቃራኒው ደግሞ ጃፓን ውስጥ የነበሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኮሪያውያን፣ ከዚያም ቻይናውያንና ታይዋናውያን ወደ አገራቸው መሄድ ነበረባቸው። ስለዚህ መርከቦቹ ብዙውን ጊዜ ባዶ አይሄዱም፤ ከሃካታና ከሴንዛኪ ኮሪያውያን ይዘው ወደ ቡሳን፣ ከቡሳን ጃፓናውያን ይዘው ይመለሳሉ።

የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ኖቬምበር 30 ቀን 1945 ተዘጋ፤ በማግሥቱ ሁለተኛው የመበተኛ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ተተካ። የቀሩት ዲስትሮየሮችና ካይቦካኖች በመዝገብ ላይ ልዩ ማጓጓዣ መርከብ ሆኑ። ባሕርተኛው ያው ሰው ነው፤ ወታደርነቱ ብቻ ቀርቷል። ከበላይ ያለው የአሜሪካኖቹ የጃፓን ንግድ መርከቦች ቁጥጥር፣ በምሕጻረ ቃል ስካጃፕ ነው። በእሱ ሥር ያሉት መርከቦች የጃፓንን ባንዲራ እንዲያውለበልቡ አይፈቀድም ነበር፤ ከላይ ሰማያዊ ከታች ቀይ፣ ጫፉ የተቆረጠ የምልክት ባንዲራ ነው የሚሰቅሉት።

የንግድ መርከቡ አብዛኛው ስለሰጠመ በጃፓን መርከብ ብቻ ቢሆን ሥራው ዓመታት ይፈጅ ነበር። አሜሪካኖች 100 ያህል ሊበርቲ የሚባል ጭነት መርከብና በርካታ ኤልኤስቲ የሚባል ወታደርና ታንክ ማውረጃ መርከብ ካዋሱ በኋላ ነው የፈጠነው፤ በ1946 መጨረሻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቷል። ከማንቹሪያ ብቻ በሁሉዳኦ ወደብ በኩል፣ ከሜይ 1946 ጀምሮ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ካይቦካኖቹ ከጠቅላላው ያጓጓዙት ድርሻ ትንሽ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ሊበርቲዎቹ ገና ሳይመጡ፣ ሞተራቸው የሚሠራ፣ ባሕርተኛቸው ያልተበተነ መርከቦች እነሱ ነበሩ።

የሞተር_ክፍል

የቅየራው ሥራ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። መድፉ ይወርዳል፣ መወርወሪያውና የቦምብ ሐዲዱ ይነሳል፣ በቦታው የእንጨት ቤት ይሠራል። የጥይት መጋዘኑ መኝታ ይሆናል። ሁሉም ሰው ክብደት ቀነሰ ብሎ ያስባል፤ ክብደት የት እንዳለ ነው ዋናው።

120 የጥልቀት ቦምብ እያንዳንዱ 160 ኪሎ ነው ብንል 19 ቶን ይሆናል፤ ከፊሉ ዝቅ ብሎ መጋዘን ውስጥ ነበር። 300 ተሳፋሪ በ60 ኪሎ 18 ቶን ነው። ቁጥሩ ይመጣጠናል፤ ግን ሰው ዴክ ላይ ነው የሚሆነው፣ አየር ፍለጋ ይወጣል፣ ወደብ ሲታይ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጎን ይጎርፋል። ጃፓኖች ማርች 1934 ላይ ቶሞዙሩ የተባለች የቶርፔዶ ጀልባቸው ከላይ ከብዳ በማዕበል ስለተገለበጠች ይሄን አይረሱትም። ስለዚህ ተሳፋሪውን በየክፍሉ መድቦ፣ በተራ ብቻ ዴክ ላይ ማውጣት ግዴታ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ነዳጁ ነው። ታንኮቹ ከታች ናቸው፤ ነዳጁ ባለቀ ቁጥር የመርከቧ እግር ይቀላል። ያንን ለማካካስ ባዶ ታንክ ውስጥ የባሕር ውኃ ይሞላል። ያ ውኃ በደንብ ሳይወጣ ነዳጅ ከተቀዳበት የናፍጣው መርጫ ይዘጋል፣ ፓምፑ ይዝጋል፣ ሞተሩ ባሕር መሐል ይቆማል። አራት ዓመት ያለ በቂ ጥገና የሮጠ ሞተር ላይ ደግሞ መለዋወጫ የለም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከወደብ ከማይነቃነቁት መርከቦች ላይ ፈትቶ መውሰድ ነው።

ሰናይት_ዘ

ውኃና መጸዳጃስ? የ150 ሰው መርከብ ላይ ይሄን ያህል ሰው ሲጫን?

የሞተር_ክፍል

መጸዳጃው ከመርከቧ ጎን ወደ ውጭ በተንጠለጠለ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ወለሉ ላይ ክፍተት፣ ከሥር ባሕር። ባሕር ሲናወጥ እዚያ መግባት አደገኛ ነው፤ ለልጆችና ለደካሞች የገመድ መያዣ ይታሰራል። ሴቶች ሲኖሩ ለብቻ ይከለላል። ንጹሕ ውኃ ለመጠጥና ለሩዝ ብቻ ይቀመጣል፣ መታጠብ በባሕር ውኃ ነው። የጦር መርከብ ወጥ ቤት ደግሞ ድስቱ የተመጠነ ነው፤ ስለዚህ ቀን ከሌሊት በፈረቃ ይበሰላል።

ከራባውል እስከ ኡራጋ (ቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያለ ወደብ) 2,500 ማይል ገደማ ነው። በ12 ኖት ስምንት ቀን ከግማሽ በላይ ይፈጃል። ውኃው የሚለካው በዚያ ነው፤ አንድ ቀን ሞተር ከቆመ ድርሻው ይቀነሳል።

ወሰን_የለሽ

ተሳፋሪው ወባ ያጠቃው፣ የተራበ ሰው መሆኑንም አስቡ። መንገድ ላይ የሞተው ብዙ ነው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ክብደት ታስሮበት ባሕር ይገባል።

ጤና_ጣቢያ

ወደብ መድረስም መግባት አይደለም። መጀመሪያ ለይቶ ማቆያ ነው፦ ቅማልና ተስቦ ለመከላከል ዲዲቲ ዱቄት በአንገትጌ፣ በእጅጌ፣ በሱሪ ውስጥ በፓምፕ ይነፋል፤ ክትባት ይሰጣል። ከዚያ ፍተሻ። ይዞ መግባት የሚቻለው ገንዘብ ለሲቪል 1,000 የን፣ ለመኮንን 500፣ ለተራ ወታደር 200 ነው፤ የተረፈው በደረሰኝ ተይዞ ይቀራል።

ከባዱ ኮሌራ ነው። ኤፕሪል 1946 ላይ ከደቡብ ቻይና የመጡ መርከቦች ኮሌራ ይዘው ኡራጋ ደረሱ። ተሳፋሪውን ማውረድ ስለማይቻል መርከቦቹ አገራቸውን እያዩ ባሕረ ሰላጤው ላይ መልሕቅ ጥለው ቆሙ። እየጨመሩ ሄደው በመርከቦቹ ላይ የታገደው ሰው በአሥር ሺዎች ደረሰ። ኮሌራ በአምስት ቀን ውስጥ ይገለጻል፤ ነገር ግን አንድ አዲስ ታማሚ በተገኘ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የሁሉም ሰገራ መመርመር አለበት። እዚህ ላይ ከላይ የተነሳው የተንጠለጠለ መጸዳጃ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ቆሻሻው የሚወድቀው መርከቧ በቆመችበት ውኃ ውስጥ ነው፣ አጠገብ ደግሞ ሌላ መርከብ አለ። የባሕር ውኃ ቀድቶ ዕቃ ማጠብ የሚከለከለው ለዚያ ነው።

ሶናር_ጆሮ

ፈንጂውንስ ማን አነሳው? ተኩስ ቆመ ማለት ባሕሩ ጸዳ ማለት አይደለም። ቢ-29 አውሮፕላኖች ከማርች 27 ቀን 1945 ጀምሮ በጃፓን ወደቦችና የባሕር ወሽመጦች ከ12,000 በላይ ፈንጂ ጥለዋል። ግማሹ ገደማ ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያው ነበር። ባሕር ወለል ላይ ተኝቶ በመርከብ ማግኔትነት፣ በድምፅ ወይም በውኃ ግፊት ለውጥ የሚፈነዳ ነው። አንዳንዱ ቆጣሪ አለው፤ የተወሰነ መርከብ አሳልፎ ቀጣዩ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ጠራጊ አንድ ጊዜ ስላለፈ መንገዱ ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ደጋግሞ ማለፍ ነው። የግፊት ፈንጂውን ደግሞ በመጥረግ ማፈንዳት ከባድ ነው፤ ያለው መፍትሔ መርከቧ በጣም ቀስ ብላ የምትገፋውን ውኃ መቀነስ ነው።

ኡኪሺማ ማሩ ኦገስት 24 ቀን 1945 ኮሪያውያን ጭና ማይዙሩ ስትገባ ፈንድታ ሰጠመች፤ በጃፓን መንግሥት ቁጥር 549 ሰው ሞተ። ፈንጂ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፣ እዚህ አንፈታውም። ካይቦካን ዳይቶ ግን አያከራክርም፦ ኖቬምበር 16 ቀን 1945 ቱሺማ ወሽመጥ ላይ ፈንጂ ስትጠርግ ፈንጂ አጠፋት። ጦርነቱ ካለቀ ሦስት ወሩ ነው።

መልሕቅ_72

የሺሙሹ እህት ኩናሺሪም ያለቀችው በሰላም ጊዜ ነው። ሰርጓጅም አውሮፕላንም ያላገኛት መርከብ ጁን 4 ቀን 1946 በተመላሽ ማጓጓዝ ሥራ ላይ እያለች ኦማኤዛኪ ላይ ቋጥኝ ላይ ወጣች። ኦማኤዛኪ ከኡራጋ ወደ ምዕራብ ወደቦች በሚወስደው መስመር ላይ የሚገኝ ርእሰ ምድር ነው፣ ከጫፉ ወደ ባሕር የሚዘልቅ ጥልቀት የሌለው ድንጋያማ ወለል አለው። ልትረዳት የሄደችው ዲስትሮየር ካሚካዜ ጁን 7 ላይ እሷም እዚያው ተቀመጠች። ካሚካዜ የ1922 መርከብ ናት፤ ሜይ 1945 ላይ ክሩዘሯ ሃጉሮ ማላካ ወሽመጥ ላይ በእንግሊዞች ስትሰምጥ አብራ ኖራ የተረፈች ናት። ሁለቱንም ማውጣት አልተቻለም፤ ቀርተው ተሰባበሩ።

እንዲህ ያለ እርዳታ ለምን ይከሽፋል ለሚል፦ ጎታች መርከብ ገመድ ለመስጠት የተሰናከለችው ወዳለችበት ጥልቀት መጠጋት አለባት። ገመዱ ሲታሰር ራሷ መዞር አትችልም፤ ነፋስና ሞገድ ጎኗን ይዞ ወደ ቋጥኙ ይገፋታል። ቋጥኝ ላይ ያለችው ደግሞ ማዕበል በመጣ ቁጥር ተነስታ ትወድቃለች፣ የታችኛው ብረቷ ይቀደዳል፣ ውኃ ይገባባታል፤ ከፍተኛው የባሕር ሙሌት ካለፈ በኋላ በየሰዓቱ ትከብዳለች። ጎታቹ ከባድ ጀልባ ከሩቅ መልሕቅ ጥሎ በረጅም ሽቦ መሳብ ነው ትክክለኛው መንገድ፤ ያ ዓይነት ዕቃ ግን በ1946 ጃፓን ውስጥ እንደልብ አይገኝም ነበር።

ካርቶን_መርከብ

ሺሙሹን በ1 ለ700 መጠን እየሠራሁ ነው። የተመላሾቹን ጊዜ ለማሳየት ምን ልቀይር?

መልሕቅ_72

መድፎቹን አንሳ፣ መቀመጫቸው ክብ ምልክት ግን ይቅር። ከኋላ የቦምብ መወርወሪያዎቹንና ሐዲዱን አስወግደህ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው የእንጨት ቤት ሥራ፤ ያልተቀባ እንጨት አስመስለው። በሁለቱም ጎን የተንጠለጠለ መጸዳጃ። ሕይወት አድን ጀልባና መንሳፈፊያ ጨምር። በ1945 መጨረሻና በ1946 ብዙዎቹ በጎናቸው ላይ ስማቸውን በላቲን ፊደል በትልቁ ጽፈው፣ ከጎኑ የጃፓን ባንዲራ ላይ ያለችውን ቀይ ፀሐይ ሥለው ነበር፤ ያለ እሱ ማንም አያምንህም። ዝገት ላይ አትሰስት፣ በተለይ መልሕቁ የሚወጣበት ቀዳዳ ሥርና የውኃው መስመር ላይ።

ሰናይት_ዘ

መጨረሻዋስ? ዛሬ ሄዶ የሚታይ ካይቦካን አለ?

የታሪክ_መዝገብ

የተረፉት መርከቦች በ1947 ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለሶቪየትና ለቻይና በዕጣ ተከፋፈሉ። ሺሙሹ ጁላይ 1947 ናሆድካ ላይ ለሶቪየት ተሰጠች፤ ከእነሱ ልትከላከል የተሠራች መርከብ ለእነሱ ደረሰች። እህቷ ሃቺጆ ጃፓን ውስጥ በ1948 ተቆራረጠች። ዩኪካዜ በዚያው ጁላይ ሻንግሃይ ላይ ለቻይና ተሰጥታ ዳን ያንግ ተባለች፣ ከዚያ ታይዋን ሄዳ እስከ 1960ዎቹ አገልግላለች፤ መሪዋና መልሕቋ ተመልሰው ጃፓን ውስጥ ኤታጂማ ይገኛሉ።

አምስት ካይቦካኖች ግን ጃፓን ውስጥ ቀርተዋል፦ ኡኩሩ፣ ኢኩና፣ ሺናን፣ ቺኩቡና ሺጋ። ለአየር ሁኔታ መከታተያ ክፍት ባሕር ላይ አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ መለካት የሚችል መርከብ ያስፈልግ ነበር። የሞተር_ክፍል ያነሳው ጽናት እዚህም ጠቀመ። ሺጋ ኮጂማ ተብላ የባሕር ጠባቂዎች ማሠልጠኛ ሆነች፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቺባ ከተማ ኢናጌ ዳርቻ ላይ የሕዝብ አዳራሽ ሆና ቆመች። በ1998 ፈረሰች። ስለዚህ ሰናይት፣ ሙሉ ካይቦካን የትም የለም።

ካርቶን_መርከብ

አመሰግናለሁ መልሕቅ። አንድ የቀረኝ፦ የእንጨት ቤቱ ከጭስ ማውጫው ኋላ ብቻ ነው ወይስ ፊትም?

መልሕቅ_72

እንደየመርከቧ ይለያያል። ለሺሙሹ ዋናውን ከኋላ አድርገው፤ ፊት ላይ የመድፉ ቦታ ሰፊ ቢሆንም ሞገድ በቀጥታ ይመታዋል። እዚያ ቤት ከሠራህ ዝቅ ያለና ከድልድዩ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ይሁን፣ የመልሕቅ ማንሻውንም እንዳይሸፍን።